ከውስጥ የሚከፈት በር

ድካሙን ለሰው የማያሳይ፣ የጀመረውን ሥራ ሳያደርስ ከእጁ የማያስቀምጥ፣ የተጣመመ እንጨት አይቶ እንዳላየ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ነው። ሙያው አናጢነት ነው። የሰፈሩ ሰዎች ግን በአናጢ ማስተካከያ መሣሪያ ስም «ውኃ ልክ» ብለው ይጠሩታል፤ በእንግድነት በገባበት ቤት እንኳ ከመቀመጡ አስቀድሞ ጠረጴዛውን በመዳፉ ዳበስ አድርጎ የትኛው እግር እንዳጠረ ሳይናገር አያልፍምና። እርሱም ቅጽል ስሙን ይወደዋል። ከወጣትነት እስከ ሽበት የሰው በር ሲሠራ ኖሯል። በእነዚያ በሮች ስንቱ ሙሽራ እንደ ገባ፣ ስንቱስ አስከሬን እንደ ወጣ የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው።

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናውን መርገጫ ስትረግጥ የኖረች እግሯ ግን አንድ ማለዳ አልታዘዝ አለቻት፤ ሌላኛይቱም ተከተለች። ከዚያ ወዲህ ቀኑን የምታሳልፈው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነው። ወንበሩን በራሷ እጅ እየገፋች ከመኝታ ቤት ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ወጥ ቤት መሄድን ፈጥና ለመደች። አንድ ቦታ ብቻ እንቢ አላት፤ እርሱም መታጠቢያ ቤቱ ነበር። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ በሩም ወደ ውስጥ ይከፈታል። ወንበሩ ሲገባ በበሩና በእጅ መታጠቢያው መካከል ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ ወንበሩ በደጅ ይቆማል፣ ባሏ ደግሞ በክንዱ አቅፎ ያስገባታል፤ እስክትጠራውም ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያ አቅፎ ይመልሳታል። ሲያነሣት እንደ ቀላል ነገር ያነሣታል። ካስቀመጣት በኋላ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ወገቡን በሁለት እጁ ይይዛል። ያላየችው ይመስለዋል።

ከዕለታት በአንዱ ከሥራ ገብቶ እጁን ሲታጠብ፣ እቤታቸው እየመጣች የምታግዛቸው የባለቤቱ ታናሽ እህት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ጋሼ፣ እህቴ ከምሳ በኋላ ውኃ እንደማትጠጣ ያውቃሉ?» አለችው።

«ምን ማለትሽ ነው? እኔ ራሴ አይደለሁም እንዴ የምቀዳላት?»

«እርስዎማ ይቀዳሉ። የሚጠጣው ግን ያ አበባ ነው» አለችና በመስኮቱ ሥር ያለውን ማሰሮ በአገጯ አሳየችው። «እንዲህ የፋፋው በምን መሰለዎት?»

አበባው በእርግጥም የሚያስቀና ነበር። ቅጠሉ ከመስኮቱ አልፎ መጋረጃውን ይገፋል። ሐኪሙ ለኩላሊቷ ውኃ በብዛት እንድትጠጣ አጥብቆ አዝዟት ነበር፤ እርሷ ግን ባሏን ላለመጥራት ጥሟን ችላ ትውል ነበር። ውኃ ልክ ፎጣውን አነሣ። እጁ ደርቆ ሳለ ያብሰው ነበር።

በማግሥቱ ያንን በር ሊነቅለው ወሰነ፤ በቦታውም ግድግዳውን ይዞ ወደ ጎን የሚሄድ ተንሸራታች በር ሊተክል። ቀን የሰው ቤት ይሠራል፤ ወደ ማታ ሲገባ የራሱን ይጀምራል። አሮጌውን በር ከማጠፊያው ሲያወጣ ባለቤቱ ከመኝታ ቤት ሆና፣

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን ልታፈርስብኝ ነው?» አለችው።

«ካፈረስኩት እሠራዋለሁ።»

«የወጥ ቤቱንም መደርደሪያ እንዲሁ ብለህ ነበር። ሳህኖቼ እስከ ዛሬ በካርቶን ናቸው።»

ወደ ማጠፊያው ተመለሰ፤ መደርደሪያው በእርግጥም እንደ ፈረሰ ነበርና።

ሥራው እንዳሰበው አልቀለለም። በሩ የሚንጠለጠልበትን ሐዲድ ከላይ ሊያስር ግድግዳውን ሲበሳ ልስኑ እንደ ዱቄት ተንኮታኮተ፤ ብሎኑም የሚይዘው አጥቶ ተመለሰ። ወንበሩን እንዳያደናቅፍ ብሎ በወለሉ ላይ ሐዲድ ላለማድረግ ቆርጧልና የበሩ ክብደት ሁሉ የሚያርፈው ከላይ ነው። ስለዚህ የተንኮታኮተውን ጠርጎ፣ ጠንካራውን የግድግዳ ክፍል ፈልጎ፣ አንድ ወፍራም የሞራሌ እንጨት አግድም አሰረ፤ ሐዲዱንም በሞራሌው ላይ አጠበቀ። አንዳንድ ማታ መዶሻውን እንደ ያዘ በመሰላሉ ሥር ተቀምጦ ያንቀላፋል። እህቲቱም እራት ስታቀርብ፣ «ጋሼ፣ መሰላሉን ላንጥፍልዎት?» እያለች ታላግጥበታለች።

በመጨረሻ በሩ ተንጠለጠለ። ውኃ ልኩን አስጠግቶ አየው፤ ቀጥ ያለ ነበር። በአንድ ጣቱ ገፋው፤ ድምፅ ሳያሰማ ቅቤ እንደ ነካው ሄደ። የውጭውን እጀታ እንደ ልማዱ ሜትር ሳያስጠጋ፣ ቆሞ መዳፉ ባረፈበት ቁመት በብሎን አሰረው። ስንት በር በዚያ ቁመት ሠርቷል! ውስጠኛውን ገጽ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ እንደ መስተዋት ትቶታል፤ በሩ ግድግዳውን ታክኮ ስለሚሄድ ከዚያ በኩል ጎልቶ የሚወጣ ነገር ያደናቅፈዋልና።

ባለቤቱን ጠራት። ወንበሯን እየገፋች መጣች፤ መንኰራኩሩ አንዳች ሳይነካው ገባች፤ በውስጥም ዞረች። እህቲቱ እልልታዋ ቀርቶ እንባዋ መጣ። «እስቲ ዝጉልኝና ልየው» አለች ሴቲቱ። ዘጉላት።

መዳፏ እንጨቱን ሲዳብስ ተሰማ። ከዚያም ከውስጥ፣

«በየት በኩል ነው የሚከፈተው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«አንቺ ምን አስጨነቀሽ? ጥሪኝ ብቻ፤ እኔ እከፍትልሻለሁ።»



«እንግዲያስ» አለች ቀስ ብላ፣ «አበባው ጠግቦ ያድራላ።»

እህቲቱ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ውኃ ልክ እጁን በእጀታው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ያን ጊዜ ገባው፤ በሩን የሠራው ለእርሷ መስሎት ለራሱ ነበር። ሲለካ፣ ሲልግ፣ ሲያነሣ፣ በሐሳቡ ውስጥ በበሩ ደጅ ቆሞ የሚከፍት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያም ሰው ራሱ ነው። ከፈተላትና በመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ።

«ደክሞኛል» አላት። በትዳራቸው ዘመን ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

«አውቃለሁ» አለችው። «እኔስ ለምን ይመስልሃል የምጠማው?»



በማግሥቱ የዕረፍት ቀን ነበር። ባለቤቱ አልጋዋ ላይ ሳለች ወንበሯን ለመናት። ተቀመጠበት፤ እየገፋም ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባና እህቲቱን «ዝጊው» አላት። በውስጥ ሆኖ የገዛ ሥራውን ዳበሰ። የለሰለሰው እንጨት ጣቱን የሚያስይዝበት ቦታ አልነበረውም። ወደ ላይ ቢያይ ወደ ታች ቢያይ፣ ተቀምጦ ላለ ሰው በሩ ግድግዳ ነው። ትንሽ ታገለው፤ መዳፉ ተንሸራተተ እንጂ በሩ አልተንሸራተተም።

«ክፈቱልኝ» አለ።

ከመኝታ ቤቱ የባለቤቱ ድምፅ መጣ፤ «ማነው እሱ?»

«እኔ ነኝ እንጂ ማን ይሆናል!»

«እኔ ማለት ማን? እዚህ ቤት ብዙ ሰው አለ።»

«ውኃ ልክ ነኝ፤ ክፈቱልኝ በሉ!»

«እ፣ አንተ ነህ? ትንሽ ታገሥ፤ እህቴ ሥራ ይዛለች። ስትጨርስ ትመጣለች።»

እህቲቱ በሩን ተደግፋ በሳቅ ትንፈራፈር ነበር። ውኃ ልክም በመጀመሪያ ተቆጣ፤ ከዚያ ሲስቅ ተሰማ። በሩ ሲከፈትለት ግን ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። ከወንበሩም ቶሎ አልተነሣም።

በሩን ከሐዲዱ አውርዶ ወደ አልጋዋ አጠገብ ተሸክሞ አመጣው። እርሷን በወንበሯ ላይ አስቀምጦ፣ በሩን በፊቷ አቁሞ፣ «እጅሽ ሳትጨነቂ የምታርፍበት የት ነው?» አላት። እጇን ዘርግታ በእንጨቱ ላይ አሳረፈችው። በመርፌ የተበሳሳውን የጣቷን ጫፍ እየዞረ በእርሳስ ሣለው። ከዚያ መሮውን አነሣ። ጎልቶ የሚወጣ እጀታ ስለማይሆን፣ የእጇ ቅርጽ ባረፈበት ቦታ አራቱ ጣቶቿ የሚገቡበት ጉድጓድ በዝግታ ፈለፈለ፤ ጠርዙንም እንዳይቈርጣት አለዘበው። ወገቡ እየነዘረው በየመካከሉ ይቆማል፤ እርሷም ያን ጊዜ «አረፍ በል» ትለዋለች፤ እርሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ያርፍላታል። የውጭውን እጀታ ነቅሎ ዝቅ ሲያደርግ የቀድሞው ብሎን ቀዳዳዎች ቀሩ። በእንጨት ላይ ጠባሳ መተው የማይወድ ሰው በስቱኮ ሊደፍናቸው ሲነሣ፣ «ተዋቸው» አለችው። «ከፍ አድርገህ እንደ ነበር ማስታወሻ ይሁንህ።» ተዋቸው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ዳግም ተንጠለጠለ። ሴቲቱ «ውኃ ቅዳልኝ» አለች። ቀዳላት። በፊቱ እስከ መጨረሻው ጠጣችው፤ ብርጭቆውንም ደፍታ አሳየችው። ቆየት ብላ ማንንም ሳትጠራ ወንበሯን ገፋች። እርሱ በሳሎኑ ተቀምጦ ሰማ፤ መንኰራኩሩ ሲያልፍ፣ በሩ ሲንሸራተት፣ ከውስጥ ሲዘጋ። ሊነሣ እግሩን ሰበሰበ፤ እንደ ገና ዘረጋው። በሩ ከውስጥ ሲከፈት ሊሰማ ጆሮውን አቀና። ነገር ግን ድካሙ ቀደመውና ራሱን በወንበሩ መደገፊያ ላይ ጥሎ ተኛ። በራሷ እጅ ከፍታ ስትወጣ አላየም። እርሷም አልቀሰቀሰችውም፤ በአጠገቡ አልፋ ያንን ያፋፋችውን አበባ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አበባውን የሚያጠጣ ሰው ጠፍቶ ሊጠወልግ ሲል እህቲቱ ናት የደረሰችለት።

ለሌላው ሲከፍት የኖረውን ያን እጅ አምላክ ያበርታልን፤ የደከመ ወገቡንም ያሳርፍለት። በዚያ ቤት ያለች ሴት ጥሟን የምትቆርጥበት ውኃ፣ ደጇንም የምትከፍትበት ኃይል አይጕደልባት። ቤታቸው በሰላም ይዘጋ፣ በሰላምም ይከፈት። አሜን።