የአባቴ ጃኬት

አባቴ በሞተ ሰሞን ለሐዘኑ ጸጉሬን ተላጭቼ፣ ለአሰላ ብርድ የእሱን ጃኬት ደርቤ ኮሌጅ ገባሁ። ድምፄም እንደሆነ ከድሮም ወፍራም ነው።

ላይብረሪ ውስጥ ከማል የሚባል የሳጉሬ ልጅ "ወንድሜ፣ ጠጋ በል" ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ሴት ነኝ ልለው ስል፣ "እኔ እኮ ሴት ፊት አፌ ይተሳሰራል፤ ካንተ ጋር መጫወት ግን ደስ ይላል" አለኝ። የጃኬቱን ኮሌታ ከፍ አደረግኩ። ወር ሙሉ በትከሻ እየተጋጨን ሰላም ስንባባል፣ ሻይ እየጋበዘ የልቡን ሲያጫውተኝ፣ ወደድኩት።

በመጨረሻ ቆረጥኩ። ጃኬቱን ትቼ፣ ቀሚስ ለብሼ፣ ሻሽ አስሬ፣ ኩል ተኩዬ ላይብረሪው በር ላይ ጠበቅኩት። ሲያየኝ ላብ አጠመቀው። መሬት መሬት እያየ፣

"ቁርጥ ወንድምሽን!" አለኝ። "እባክሽ እሱን ጥሪልኝ፤ ላንቺ መንገር ያቃተኝን ለእሱ ልንገረው።"