በቬሎ ከሮኬቶቹ መካከል

ከሆሳዕና ጆሃንስበርግ የመጣሁት በስልክ ብቻ የማውቀውን ሰው ላገባ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቤተሰብ እሺ ብሎ አልቋል። እኔ ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ነግሬው ነበር፦ አይቼው ልቤ ካልወደደው እመለሳለሁ። እስከ ሠርጉ ያረፍኩት ከከተማው ወጣ ባለው ቶኮዛ በሚባል ሰፈር፣ እህቱ ቤት ነው።

በስልክ ጨዋታ የማያልቅበት ሰው ፊት ለፊት ሲያገኘኝ ምላሱን ዋጠ። ሱቁ ውስጥ፣ ለሌባ መከላከያ ከተገጠመው የብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ደንበኞቹን በዙሉ ሰላም ይላል፤ እኔን «ደህና ነሽ?» ብሎ ያበቃል። እህቱ «ዝም አይነቅዝም» እያለች ታጽናናኛለች። የእኔ ቆሽት ግን አርሯል። ዕድሜ ልኬን ከግድግዳ ጋር ልኖር ነው እንዴ?

ሠርጉ ሲቃረብ የሠርግ ልብሳችንን ለብሰን ለፎቶ ወጣን። አገር ቤት ሙሽራ መናፈሻ ሳይገባ ሠርግ የለም፤ ሚዜው ከታክሲ ላይ ያየውን አረንጓዴ ሣር መናፈሻ ነው ብሎ ወሰደን። ስንገባ የጦር ሙዚየም ሆኖ ተገኘ። ሣሩ ላይ የቆሙት የድሮ ሮኬቶችና ሚሳይሎች ናቸው። ሚዜው አፈረ፣ ፎቶ አንሺው ሳቀ።

እኔ ቬሎዬን ሰብስቤ ወደ ሮኬቶቹ ሄድኩ። ፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሮኬት በጠመኔ ስዬ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ብረቱ በፀሐይ ግሏል፣ ቀለሙ ተላልጧል፣ የተበየደበት ቦታ ሁሉ ይታያል። ለመግደል መሠራቱ ይዘገንናል፤ ዓይኔን መንቀል ግን አቃተኝ። የአንዱ ሮኬት እሳት የሚተፋበት የኋላ አፍ ዝቅ ያለ ነው። ውስጡን ለማየት ጓጓሁ፤ በቬሎ እንዴት ልንበርከክ?

«ኧረ ፎቷችንን እንነሳ» አለ ሚዜው። «ብረት ምኑ ይታያል?»

እጮኛዬ በኪራይ ሱፉ ሣሩ ላይ በጀርባው ተንጋለለና ጭንቅላቱን ከሮኬቱ አፍ ሥር አስገባ። የስልኩን መብራት አብርቶ ውስጡን አየ።

«ወደ ውስጥ ይጠብና እንደገና ይሰፋል» አለኝ። «ለምንድነው?»

በጠባቡ ሲያልፍ ጋዙ እንደሚፈጥን ነገርኩት። ሌላ ጠየቀኝ፤ እሱንም አስረዳሁት። ሚዜው ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል።

ተነስቶ ሱፉን ሳያራግፍ ፊቴ ቆመ። «ስንት ዓመት ከፍርግርግ ኋላ የማወራው ስለ ዳቦና ስለ ኤርታይም ካርድ ነው» አለኝ። «አንቺን ሳይ የምናገረው ይጠፋኛል። ትመለሻለሽ?»

ልቤ ያን ጊዜ ወደደው።

«አልመለስም» አልኩት። «የቀጣዩም ሮኬት ሥር ግባልኝ።»