ጋሽ ተነሱ ያስገባት መስመር

የኮምፒውተር ክፍሉን አብሮኝ የሚጠብቀውን ባልደረባዬን ተማሪዎች «ጋሽ ተነሱ» ይሉታል። ጥያቄ ይዘው ሲጠሩት ከኋላ ቆሞ ትንሽ ያያል፣ ከዚያ ትዕግሥቱ ያልቅና «ተነሱ እስቲ» ብሎ ወንበሩን ይዞ ራሱ ይሠራዋል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ነው። እጀ ወርቅ ነው፣ አልክድም፤ ግን ማንንም አስተምሮ አያውቅም። ስንቴ ብነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። ስምንት ሰዓት ላይ ፕሮግራሟን ለመምህሯ ማሳየትና ማስረዳት አለባት፤ ካልሆነላት ትምህርቱን ትደግማለች፣ ምርቃቷም በአንድ ዓመት ይገፋል። ፕሮግራሙ ስክሪኑ ላይ መስኮት ከፍቶ ሥዕል ይስላል። ሌላ መስኮት ሸፍኖት ሲነሳ ግን ሥዕሉ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይቀራል። ስክሪኑን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም፣ ሰርቨሩ፣ ሥዕሌን እየበላ አስቸገረኝ አለች።

ጋሽ ተነሱ ደህና ጀምሮ ነበር። ሰርቨሩ ሥዕል አያስቀምጥም አላት፤ የተሸፈነው ሲገለጥ «ይሄ ቦታ ተገልጧል፣ እንደገና ሳል» የሚል መልእክት ለፕሮግራሙ ይልካል እንጂ። እሷም መልእክቱ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አሳምራ ጽፋለች፤ ታዲያ ለምን አይደርሰኝም ብላ ጠየቀችው። መልሱ ቀላል ነው። ሰርቨሩ የሚልከው አስቀድሞ ይሄን ዓይነት መልእክት እፈልጋለሁ ላለው ፕሮግራም ብቻ ነው፤ እሷ ያስመዘገበችው የማውስ ጠቅታን ብቻ ነበር።

ይህን በሁለት ደቂቃ መንገር ይቻላል። እሱ ግን በእንግሊዝኛ ቃላት አጥለቅልቆ አንዴ ተናገረው፣ አልገባትም። በዚያው ፍጥነት ደገመው፣ አሁንም አልገባትም። ሦስተኛው ላይ ንዴቱ አናቱ ላይ ወጣ።

«ተነሺ» አላት።

መልእክቱን የምታስመዘግብ አንዲት መስመር ፕሮግራሟ ውስጥ አስገባ። መስኮቱ ተሸፈነ፣ ተገለጠ፣ ሥዕሉ ተመልሶ መጣ። ልጅቷ ልታቅፈው ምንም አልቀራት። እኔ ደሜ ፈላ፤ አስረዳት እንጂ ስለው፣ ሠራ አይደል ወይ ብሎ አፌን አስዘጋኝ።

ስምንት ሰዓት ላይ ፈተናው እዚያው ክፍላችን ውስጥ ሆነ። መምህሩ ፕሮግራሙን አይቶ ወደደው። ከዚያ ያቺን መስመር በጣቱ ነክቶ ለምን እንደገባች ጠየቃት። መስኮቱን ሸፍና ገልጣ መሥራቱን አሳየችው። መስመሯን አጥፍቶ ሥዕሉ ሲጠፋ እያሳያት ደግሞ ጠየቃት። ዞር ብላ ጋሽ ተነሱን አየችው፤ እሱ አቀርቅሮ የተወሳሰበ ገመድ ይፈታል። መምህሩ ሰው ረድቶሽ ነበር ወይ አላት።

«አስረድተውኝ ነበር። የረሳሁት እኔ ነኝ» አለች።

ወደቀች። ያኔ ጋሽ ተነሱ ብድግ ብሎ አላስረዳኋትም፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ቢል፣ መምህሩ ማወቅ የነበረባት እሷ ናት ብሎ ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ። እንደዚያ ቀን ለጋሽ ተነሱ አዝኜም፣ ተናድጄበትም አላውቅም።

ሦስታችን ቀረን። ልጅቷ አላለቀሰችም። ከወንበሯም አልተነሳችም።

«ጋሼ፣ አሁን ጊዜ አለን» አለችው። «አንድ ዓመት ሙሉ። ያቺ መስመር ምንድን ናት?»