በእኔ ፊርማ የሄደው ሜዳ

በልጅነቴ ቁመቴ ያሳፍረኝ ነበር። ሰፈር ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ነበር የምሄደው። ኮሌጅ ገብቼ ቅርጫት ኳስ ስጫወት ግን ተመልካቹ በስሜ እየጠራ ያጨበጭብልኝ ጀመር። ለዚህ ያበቁኝ አሰልጣኜ ናቸው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አጠገብ ባለች የሲሚንቶ ሜዳ፣ ከሥራ መልስ፣ የሰፈሩን ሴት ልጆች በነጻ ያሠለጥኑ ነበር። አባቴ ሴት ልጅ በቁምጣ አትሮጥም ብሎ ሲከለክለኝ ቤት ድረስ መጥተው ያስፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው።

ስመረቅ ወረዳ ተቀጠርኩ። ቆይቶም ስፖርት ታውቃለች ተብሎ የወጣቶችና ስፖርት ኃላፊ አደረጉኝ። አሰልጣኜ ሹመቴን ሲሰሙ ደውለው «ሜዳችን ባለቤት አገኘ» አሉኝ።

ዓመት ሳይሞላ ሜዳው መኪና ማቆሚያ ይሁን የሚል ሐሳብ መጣ። አሰልጣኜ ቢሮዬ ድረስ መጡ። ሻይ አስመጣሁላቸው፤ አልነኩትም። ልጆቹ ሌላ መጫወቻ እንደሌላቸው ነገሩኝ። በስብሰባው እቃወማለሁ ብዬ ቃል ገባሁላቸው፤ ከልቤ ነበር።

በስብሰባው እጄን አወጣሁ። ሐሳቤን ሳልጨርስ አለቃዬ ነገሩ ከበላይ ያለቀ መሆኑን፣ የእኛ ድርሻ ማጽደቅ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ቀጥሎም በለሰለሰ ድምፅ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ያቀረብኩት ማመልከቻ እሱ ጋ እንዳለ አስታወሰኝ። ቃለ ጉባኤው ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። ፈረምኩ።

በሳምንቱ የቅርጫቶቹ ምሰሶዎች ተነቀሉ። አሰልጣኜ እንደገና መጡ። የቃለ ጉባኤውን ቅጂ ሰው ሰጥቷቸው ኖሮ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ይሄ ያንቺ ፊርማ ነው?»

«ታዝዤ ነው፣ ጋሼ።»

«ይገባኛል። ብቻ ሌላ ሰው ቢያደርገው በወደድኩ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

የትምህርት ዕድሉ ለአለቃዬ ዘመድ ተሰጠ። ይህን ስናገር ተበዳይ ሊያስመስለኝ ይችላል፤ ባገኘው ኖሮም ያደረግሁት ያው ነው። ለቅቄ እወጣለሁ እያልኩ ስዝት ከረምኩ፤ አሁንም እዚያው ወንበር ላይ ነኝ።

ባለፈው ወር ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ አሰልጣኜን አገኘኋቸው። እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ የእናቴን ጤንነት ጠየቁኝ። ስለ ኳስ አንዲት ቃል አልወጣቸውም። ታክሲው ሲመጣ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ እንዲገቡ ለመንኳቸው።

«አንቺ ሂጂ» አሉኝ፣ «ቢሮ ይረፍድብሻል።»

ገባሁ።