ከውስጥ የተቀባው ጀልባ

በጀልባችን ተከዜ መሃል ስንደርስ ከሥራችን አንድ ስስ እንጨት ተንሳፍፎ ወጣ። ስፋቱ ነጠላ ያህላል፤ ውፍረቱ ከሽንኩርት ልጣጭ ብዙም አይበልጥ። ልጄ በጣቷ እያሳየች፣ «እማ፣ ይህ ከየት መጣ?» አለችኝ።

«ጎርፍ ነው ከላይ አገር ያመጣው» አልኳት።

«ነጭ ቀለም አለው እኮ።»

ነጩ ቀለም የኛው ነው።

ባሌ አናጢ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል፣ ሰው ሲሞት ሣጥን። እንግዳ ከላሊበላ ከቀረ ወዲህ አንድ ሥራ ያቆመ ሆቴል ኮርኒሱን ሲያፈርስ፣ ባሌ ነጭ የተቀባውን ኮምፖልሳቶ፣ ያንን ስስ እንጨት ተደራርቦ በኮላ የተጣበቀውን፣ በአህያ ጭኖ አመጣው። ልጃችን ስምንተኛ ክፍል ናት። የሚኒስትሪ ፈተናው ከወንዙ ማዶ ነው፤ በዚያ ላይ ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ባለፈው ክረምት ይኸው ወንዝ የጎረቤት ልጅ ወስዶ ሬሳውን እንኳ አልመለሰም። እኔ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረሁት። ልጄ ከትምህርቷ እንድትቀርብኝም አልፈለግሁ፣ እንድትሞትብኝም። ባሌ ጀልባ ልሥራ አለና መዶሻውን አነሳ።

ጀልባ በዓይናችን አይተን አናውቅም፤ እሱም ያየው በስልክ ነው። ግቢያችን ውስጥ በባሕር ዛፍ እንጨት የጀልባውን አጥንት አቆመ፣ ኮምፖልሳቶውን በኮላና በምስማር ለበጠበት፣ ቀለም ያለውን ፊት እንዲያምር ብሎ ወደ ውጭ አዞረው። ጎረቤታችን ሽማግሌው በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ «የማን ሣጥን ነው? እንዲህ የሰፋ ሰው በላስታ አላውቅም» አሉ።

«አንቱን ለክቼ ነው አባባ» አላቸው ባሌ። ሳቁ። እኔን አላሳቀኝም።

ከመንገድ ሥራ የተረፈ ሬንጅ አፍልተን ቀባነው፤ ከውስጥ። ለምን ከውስጥ ያለ ሰው የለም። እኛ አገር ቅል የሚታጠነው ከውስጥ ነው፣ ገንቦ ሲያልብ የሚደፈነውም ከውስጥ ነው። ዕቃ የያዘው እንዳይወጣበት እንጂ የውጭው እንዳይገባበት ማን አስቦ ያውቃል። በዋዜማው ስንሞክረው ተንሳፈፈ። ባሌም ውሃውን ይልመድ ብሎ እዚያው ወንዙ ላይ አስሮ አሳደረው።

በማግስቱ ጠዋት እሱ ብቻውን በጀልባው እየቀዘፈ ቀድሞ ተሻገረ፤ ደህና ነበር። ሽማግሌው በኋላ በኩል በታሰረው ገመድ ጀልባውን ወደኛ መለሱት፣ እኔና ልጄ ገባን፣ ባሌ ከማዶ በፊተኛው ገመድ መሳብ ጀመረ።

ለካ ኮላው ሲሟሟ አድሯል። ኮምፖልሳቶው ከታች ልባስ በልባስ እየተላጠ የቀረን ሬንጁ የያዘው ስስ ቅጠል ብቻ ነው። እግሬ ሥር ወለሉ እንደ ሊጥ ሲለሰልስ ተሰማኝ።

ልጄ ፊቴን አየችው። ከዚህ ወዲያ መዋሸት አልቻልኩም። «እግርሽን ከወለሉ አንሺ። የጎኑ እንጨት ላይ ተቀመጪ» አልኳት። «አባዬ፣ ቶሎ ሳብ» ብላ ወደ ማዶ ጮኸች። እሱም ለምን ሳይል ሳበ።

ውሃው መጀመሪያ እንደ ክር ገባ። መቀነቴን ፈታሁና አንዱን ጫፍ በወገቧ፣ ሌላውን በባሌ ገመድ ላይ አጥብቄ አሰርኩ። ለሁለት የሚበቃ አልነበረም። ጀልባው ቢሄድም እሷ ገመዱ ላይ ትቀራለች ብዬ ነው። ድንግልን የለመንኳት ቋጠሮው እንዳይፈታ ብቻ ነው።

ዳሩ ሲቀርብ ወለሉ ተቀደደ። ውሃው ደረቴን ያዘኝ፤ ግን እግሬ ድንጋይ ረገጠ። ባሌ መጀመሪያ እሷን አውጥቶ መቀነቱን ከወገቧ ፈታ፣ ቀጥሎ እኔን በክንዴ ጎትቶ አወጣ። ሲለቀው ገመዱ ከነአጥንቱ፣ ከነመቀነቴ ወደ ታች ሄደ። ማዶ ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ይዘዋል።

ልጄ ቀሚሷን ጨምቃ ወደ ፈተናው መንገድ ጀመረች። ክረምቱ ገና ነው፣ ወንዙም ይሞላል፣ በምን እንደምንመለስ የሚያውቅ የለም። እኔ ግን ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፤ ልጄ ዳገቱን ስትወጣ ይታየኛል። ተርፈናል።