ሐሬ ወንዝ ዳር ቀይ የቀባናቸው ዛፎች

ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ሴቻ ሰፈር ባለው የደን ቢሯችን ኃላፊዬ ሦስት ነገር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ፦ ሜትር፣ አንድ ጥራዝ ፎርምና አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም። «የወንዝ ዳር ደን ጤና መገምገም ይኸው ነው» አሉኝ። «ለኪ፣ ጻፊ፣ ቀቢ።»

«ሌላስ?» አልኩ።

«ሌላው ፎርሙ ላይ አለ።»

የደረሰኝ ሐሬ ወንዝ ነበር። ዳርና ዳሩን አሥር የናሙና ቦታ ነበረን። እያንዳንዱን ሃያ በሃያ ሜትር በገመድ እናጥራለን። ውስጡ ያለውን የሾላ፣ የዶቅማና የሮቃ ዛፍ በደረት ቁመት ላይ ዙሪያውን እንለካለን፤ የበቀለ ችግኝና የተቆረጠ ጉቶ እንቆጥራለን። ሜትሩ ባረፈበት ልክ ግንዱ ላይ ቀይ ቀለበት እንቀባለን፤ በዓመቱ ስንመለስ እዚያው ላይ እንድንለካ ነው። ከዚያ ደኑን «ጤነኛ»፣ «መካከለኛ» ወይም «የተጎዳ» እንላለን።

የደኑ ጥበቃ ጋሽ ዳልኬ ይባላሉ። የደጋው የኦቾሎ ሰው ናቸው፤ ወደ ቆላ ወርደው እዚያው ቀሩ። ወሬ አያበዙም።

እኔ ደግሞ ተጠራጣሪ ነኝ፤ አልክድም። ሰው ሰላም ሲለኝ «ምን ፈልጎ ይሆን?» እላለሁ። ባልደረቦቼ «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ስሜን ትተው «ስንጥር» የሚሉኝም ነበሩ።

የሌሎቹ ወንዞች ደን ሲጎዳ ሐሬ በየዓመቱ «ጤነኛ» ይመጣል። በአሥሩም ቦታ አንድ አዲስ ጉቶ የለም። ኃላፊዬ ደስ አላቸው፤ እኔ ግን አልዋጥልሽ አለኝ። ወደ ሲቀላ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ማገዶ ተከምሮ አያለሁ። ታዲያ ይሄ ሁሉ እንጨት ከሰማይ ወረደ? ጋሽ ዳልኬ እንጨት የተሸከሙትን ሴቶች በየስማቸው እየጠሩ ሰላም ይላሉ። ናሙናው ቦታ ላይም ሁሌ ቀድመውን ይገኛሉ። ደኑን እየሸጡ እኛ የምናየውን ብቻ ያስተርፋሉ ብዬ ደመደምኩ።

ለኃላፊዬ ነገርኳቸው።

«ማስረጃ አለሽ?»

«ጉቶ አለመኖሩ ነው ማስረጃዬ።»

ሳቁ። እኔ ግን በጽሑፍ አስገባሁት። ጋሽ ዳልኬ ጉዳያቸው እስኪጣራ ከሥራ ታገዱ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት።

በሳምንቱ ለማጣራት ብቻዬን ወረድኩ። ሦስተኛው ናሙና ቦታ ደርሼ ገመዱን አልዘረጋሁም፤ አልፌ ሄድኩ። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ ጥላው አለቀ። ጉቶ በጉቶ ነው። የወንዙ ዳርቻ ተንዶ የአንድ ገበሬ ሙዝ ውኃው ላይ ተጋድሟል።

አንዲት ሴት በገጀራ የዶቅማ ቅርንጫፍ እየመለመለች ነበር። ስታየኝ አልሸሸችም።

«እዚህ መቁረጥ አይከለከልም?» አልኳት።

«ቀይ ያለው ነው የመንግሥት። ይሄ ቀይ የለውም።»

«ማን ነገረሽ?»

«እናንተ ናችሁ እኮ የቀባችሁ።»

«ጋሽ ዳልኬስ?»

«እሱማ ይከለክላል። ‹ሁሉም ዛፍ እኩል ነው› ይላል። ‹ታዲያ ለምን ያን ብቻ ቀቡ?› እንለዋለን። ምን ይበል?»

በየዓመቱ በእጄ የቀባሁት ቀለበት ለአገሩ ሰው «ከዚህ ውጭ ያለውን ቁረጡ» ይል ኖሯል።

በዚያው ጋሽ ዳልኬ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ተቀምጠው መጥረቢያ ሲስሉ አገኘኋቸው፤ ከታገዱ ወዲህ የሰው እንጨት በክፍያ እየፈለጡ ነበር የሚያድሩት።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

«ነግሬሻለሁ፣ ልጄ። በመጀመሪያው ዓመት ‹ከገመዱ ወጣ ብለሽ እዪ› አልኩሽ። ‹ፎርሙ ላይ የለም› አልሽኝ።»

ብለውኛል። ያኔ ከሥራዬ ሊያናጥቡኝ የፈለጉ መስሎኝ ነበር።

ክሴን አንስቼ ደብዳቤ ጻፍኩ። ኃላፊዬ አንብበው «በቦታው ሌላ ሰው ተቀጥሯል» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፤ አልሆነም። ጋሽ ዳልኬ ወደ ደኑ አልተመለሱም።

ቀለሙን ተውነው። ቦታዎቹን በዕጣ እናወጣለን፣ በጂፒኤስ እናገኛቸዋለን፣ ግንዱ ሥር አፈር የሚሸፍነው ትንሽ ምስማር እንመታለን። በዚያ ዓመት ሐሬ «የተጎዳ» ሆኖ መጣ። ኃላፊዬ ተቆጡ። «በአንድ ዓመት እንዴት እንዲህ ይሆናል?»

«በአንድ ዓመት አይደለም» አልኳቸው። «ያየነው ዘንድሮ ነው።»

ወንዝ ዳር ለምትለኩ ልጆች የምለው ይህን ነው፦ የምትለኩበትን ቦታ ሰው አይወቅባችሁ። ውጤቱ ሲያምር ጠርጥሩ፤ ግን ከጥበቃው በፊት የራሳችሁን እጅ። እኔ ቅደም ተከተሉን አዛብቼ አንድ ሰው እንጀራውን አጣ።