ሸራውን አውቄ መኪናውን የሳትኩ ጊዜ

ሰው የድሮ ፎቶ ይዞልኝ ሲመጣ ዛሬም ደስ ይለኛል። ሌላው ፎቶው ላይ ያሉትን ሰዎች ያያል፤ እኔ ከኋላቸው የቆመውን መኪና። አንድ ጎረምሳ የአባቱን የወጣትነት ፎቶ አምጥቶ «አባቴን አወቅኸው?» ቢለኝ፣ «አባትህን እንጃ፤ የተደገፈው ግን ቤድፎርድ ነው፣ ያውም አንዴ የተገለበጠ» አልኩት። የአንዱ ጎን ስፖንዳ፣ የጭነቱ መከለያ፣ በአዲስ እንጨት መታደሱ ያስታውቅ ነበር።

ይህን ዕውቀት የሰበሰብኩት ገዳሪፍ፣ ሎሪዎች ከሚጫኑበት ሜዳ ዳር ተቀምጬ ነው። ከመተማ በኩል ለሰሊጥ አጨዳ ተሻግሬ፣ አጨዳው ወገቤን ቢያስመርረኝ ሸራ ሰፊ ሆኜ ቀረሁ። ሱዳኖቹ «ሙሸማ» የሚሉትን የመኪና ሸራ መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ጣት በምታህል መርፌ ቀዳዳውን ስጥፍ እውላለሁ። የኔን ጥፈት የሚያይ ሁሉ ያውቀዋል፤ አራቱንም ማዕዘን በመስቀልኛ እሰፋው ነበር። እኔም የቱን ጥፈት ለማን ሸራ እንደጣፍኩ አልረሳም።

ምን ያላየሁት መኪና አለ? የአገሬው አናጢዎች ካሶኒያቸውን፣ የጭነቱን ሳጥን፣ በእንጨት ሠርተው አበባና የነብር ዓይን የሚስሉባቸው የነጋዴ ሎሪዎች ነበሩ። ከባለቤታቸው ጋር ከወደ ጎንደር የተሰደዱ አንድ ሁለት ኤንትሬ የሚባሉ የጣሊያን መኪኖችም ነበሩ፤ ዳገት የለመደ ድምፃቸው እዚያ ሜዳ ላይ ሥራ የፈታ ይመስል ነበር። የወታደሩም መኪና ነበረ። ቀለም አይታመንም፤ ወታደሩ ያረጀውን ለነጋዴ ይሸጣል፣ ነጋዴውም ቀለሙን ሳይቀይር ማሽላ ይጭንበታል። ሹፌሮቹ ፎቶ ያመጡና የመኪናውን ፊት በመዳፋቸው ሸፍነው «በል እወቅ» ይሉኛል። በሻይ እንወራረዳለን። ተሸንፌ አላውቅም ነበር።

ዘመኑ የረሃብ ዘመን ነበር። ይናፍቀኛል ማለት ነውር ነው። ይናፍቀኛል ግን። ወጣት ነበርኩ፣ ሠርቼ እበላ ነበር፣ ሞተር ሲነሳ ድምፁን ሰምቼ የማን እንደሆነ እናገር ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ክረምቱ በገባ ሰሞን፣ ከደጋ የተሰደደ አንድ ሰው አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ነጠላው ውስጥ ጠቅልሎ የያዘውን ፎቶ አወጣልኝ። የከተማው ፎቶ አንሺ ለዕርዳታ ሰዎች ብሎ ድንበር ላይ ያነሳው ነው፤ ዘመድ የጠፋበት አይቶ እንዲለይ ክሊኒኩ ሰሌዳ ላይ ይለጥፉት ነበር። ፎቶው ላይ ሰው የተሞላ መኪና ከኋላ በኩል ይታያል። ከጠርዙ አጠገብ አንዲት ተላጭታ ቁንጮዋ ብቻ የቀረ ትንሽ ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች።

«ልጄ ነች» አለኝ። «እኔ ታምሜ የክሊኒኩ ድንኳን ስገባ ኸጎረቤት ጋር ጫኗት። የዚያን ቀን መኪናው ብዙ ነበር አሉ። ገሚሱ በኒው ሀልፋ መንገድ ወዳለው የስደተኛ ሰፈር፣ ገሚሱ በቁረይሻ በኩል ነው የኼደው። ተስሪህ የሚሰጡኝ ደግሞ ላንድ ቦታ ብቻ ነው። ሹፌሮች አንተን ጠይቅ አሉኝ፣ ወንድማለም።»

ተስሪህ የመንገድ ፈቃድ ነው፤ ያለሱ ኬላ ማለፍ የለም። ሰውየው አንድ ዕድል ነበረው፣ እሱንም ለኔ ሰጠኝ ማለት ነው።

ፎቶውን ለአፍታ እንኳ አላቆየሁትም። ከሸራው ላይ የገዛ እጄ ጥፈት፣ አራት መስቀሉን ይዞ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። «ይኼማ የእገሌ ነጋዴ ሎሪ ነው፤ በኒው ሀልፋ መንገድ የሚሠራ። ኸላስ፣ አለቀ፤ ሂድና ውሰዳት» አልኩት። በዙሪያዬ የነበሩት ሹፌሮች ሳቁ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ሰውየው ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ሲል ከለከልኩት።

ከወር በኋላ ተመለሰ። ከስቷል። ፎቶውን ሸራዬ ላይ አስቀምጦ «የለችም» አለ።

«ደህና አድርገህ ፈልገሃል?» አልኩት። ተቆጥቼ ነበር፤ ደፈረኝ መሰለኝ።

«ድንኳን በድንኳን» አለኝ።

ላሳምነው ብዬ ፎቶውን አነሳሁ። ያኔ ነው ከሸራው በታች ያየሁት። የነጋዴ ሎሪ ብዙ ስለሚጭን ከኋላ በየጎኑ ጥንድ ጥንድ ጎማ አለው። የወታደሩ መኪና ግን ከጭቃና ከአሸዋ እንዲወጣ ተብሎ የተሠራ ነውና የኋላውም እንደ ፊቱ ነጠላ ነው። ፎቶው ላይ ያለው ነጠላ ነበር። ሕፃን እንኳ የሚለየውን ነገር እኔ ሳላይ አለፍኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ያፈሰስኩት ግን የሰው ልጅ ነበር።

ሸራው እንዴት ወታደሩ ላይ እንደወጣም አውቅ ነበር፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ነጋዴው ለጥፈት የተወልኝን ሸራ፣ አንድ ወታደር ሹፌር ስደተኛ ሊጭን ወደ ድንበር ሲወጣ ደመና አይቶ «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ለምኖኝ ሰጥቼዋለሁ። ስኳርም ሰጥቶኛል። ባለቤቱ እንዳይሰማ ብዬ አፌን ይዤ ኖርኩና፣ ከራሴም ደበቅኩት መሰለኝ።

አንድም ሳላስቀር ነገርኩት፤ የስኳሩንም። ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን «የወታደሩ መኪና ታዲያ በየት ኼደ?» አለኝ።

«ወታደሩ የሚሠራው በቁረይሻ በኩል ነው።»

ሁለተኛ ተስሪህ ስለማይሰጡት፣ ሸራ የሚሸከምልኝ ሠራተኛዬ ነው ብዬ ዋስ ሆኜ አወጣሁለትና መርፌዬን ሰቅዬ አብሬው ሄድኩ። የመረሬ ጭቃው መንገድ ሎሪያችንን ሁለት ቀን ሙሉ ሲውጥ ሲተፋ ሰነበተ። እኔ ገፋሁ፣ እሱም ገፋ።

ሰፈሩ ስንደርስ አንዲት የመንደራቸው ሴት ከሩቅ አየችውና ወደ ድንኳኗ ሮጠች። ልጅቷን እጇን ይዛ አወጣቻት። ቁንጮዋ ተላጭቷል። አባትዬው እመሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን ሦስት እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

«የሌሎቹ አባት ቶሎ መጣ» አለችው። «አንተ ለምን ቆየህ?»

እውነቱን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እሱ የኔን ጥፋት ቢናገር ደግሞ ልክ ነበር።

«መኪና አጥቼ ነው፣ ልጄ» አላት።

አጠገቡ ቆሜ ነበር። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።